የዶኛ ላላ አስተርጓሚ

«ጠይቂያቸው» አለች እናቷ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ይህን ሁሉ የሚጠይቁኝ ለምንድን ነው? ማዶ ወስደው ሊሸጡት ነው ወይስ ለቤታቸው?»

አምፓሮ ዘይት የሚንጣጣበትን መጥበሻ ትታ ወደ ሚስተር ተትል ዞረች። ረጅሙ ሰውዬ ባርኔጣቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ የኩሽናው ጣሪያ እንዳይነካቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆመዋል። ከመንገዱ ማዶ ያለችው የሆትዶግ ኪዮስክ የሳቸው ናት። ሰሞኑን ኪዮስኳን በዘጉ ቁጥር መንገዱን ተሻግረው ይመጡና ታኮ፣ ሥጋ የተሞላ የታጠፈ የበቆሎ ቂጣ፣ ያዛሉ። የመጀመሪያውን ይበሉታል። ሁለተኛውን ግን እንደ ሰዓት ሠሪ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ያዩታል፤ ጥብስ ቂጣውን በጥፍራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ሥጋውን ያሸቱታል። ዛሬ ደግሞ ኩሽናውን እንዲያዩ ለምነው ገብተዋል።

ምግብ ቤቱ የእናቷ ነው። የኮልተን ከተማ ሰው ሁሉ፣ ቢያንስ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ያለው፣ ዶኛ ላላ፣ እመት ላላ እንደማለት፣ ይላታል። ስፓኒሽ እንጂ እንግሊዝኛ አታውቅም። ስለዚህ የመብራት ቆጣሪ አንባቢውም፣ የጤና ተቆጣጣሪውም፣ የበቆሎ ዱቄት አቅራቢውም የሚያነጋግሯት በአሥራ አምስት ዓመት ልጇ በአምፓሮ በኩል ነው።

አምፓሮ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አቀረበች። ሚስተር ተትል አገጫቸውን አከኩ።

«እውነቱን ንገሪልኝ» አሉ። «ኪዮስኬ ላይ ልሸጠው አስቤያለሁ። ሆትዶግ ሁሉም ይሸጣል፤ ይሄን የሚሸጥ የለም። ግን ደብቄ አይደለም። ቅር የሚላት ከሆነ ትንገረኝ፣ እተወዋለሁ።»

ሁለቱም አምፓሮን እያዩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሚስተር ተትል ሒሳብ ሲከፍሉ «ሥራዬ ከሰፋ የኪዮስኬ መስኮት ላይ ቆማ የምታስተናግድ ቀልጣፋ ልጅ እፈልጋለሁ። አንቺን ነው ያሰብኩት» ብለዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ መስኮት ከሐሳቧ አልወጣም። ከሐዲዱ ወዲያ ያሉት የክፍል ጓደኞቿ ከኳስ ጨዋታ በኋላ መኪናቸውን የሚያቆሙት እዚያ ነው። እናቷ ቤት አንዳቸውም ገብተው አያውቁም። የት እንደምትኖር ሲጠይቋት «እዚያ አካባቢ» ትላለች። የሠራተኛ ነጭ ቆብ አድርጋ መስኮቱ ላይ ብትቆም ግን በስሟ ይጠሯታል። እናቷ እምቢ ካለች ሁሉም ነገር ቀረ ማለት ነው።

«ለቤታቸው ነው» አለች በስፓኒሽ። «ባለቤታቸው ሞያውን ልማር ብለው ነው አሉ።»

የእናቷ ፊት ፈካ አለ። «ለቤት ከሆነማ ምን ቸገረኝ። ይምጡ፣ ይዩ። ምግብ አምሮት የመጣ ሰው ከደጅ አይመለስም።»

«ደስ ይለኛል፣ ይማሩ ብላለች» አለች አምፓሮ በእንግሊዝኛ።

ሚስተር ተትል ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለእናቷ ጎንበስ አሉ። ጥግ ላይ ድንች የምትልጠው አክስቷ ቾሌ ግን አፏን አጣመመች። «እኔ የማውቀው ወንድ ለሚስቱ ብሎ ምጣድ ሥር አይቆምም። የኔማ ውኃ የት እንደሚፈላ ሳያውቅ ነው ያረጀው።»

እናቷ ሳቀች። ከዚያም ሳትሰስት አሳየቻቸው። የበቆሎ ቂጣውን ዘይት ውስጥ ስታገባው፣ ገና ለስላሳ ሳለ በመቆንጠጫ አጥፋ ስትይዘው፣ እንደ ጀልባ ደርቆ ሲወጣ አዩ። ባዶውን ቀድሞ ጠብሶ መደርደር ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲበዛባት እንደዚያ እንደምታደርግ ነገረቻቸው። ሚስተር ተትል ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። አምፓሮ ይህንን ሁሉ አንድ ቃል ሳታጎድል ተረጎመች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስተር ተትል ብረት ሠሪ ዘንድ ሄደው ብዙ ቂጣ ባንዴ አጥፎ የሚጠብስ የሽቦ ቅርጫት አሠሩ። ያቺ ዘዴ የራሳቸው ናት። ጣዕሙ ግን የዶኛ ላላ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኪዮስኳ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ። በቢጫ ቀለም፣ ከሩቅ በሚነበብ ትልልቅ ፊደል፣ አንድ ቃል ብቻ፦ ታኮ። እናቷ ጠረጴዛ እየወለወለች ሳለ በመስኮት አየችው። ይህን ለማንበብ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

«ለሚስቴ አለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ኩሽናዬ ውስጥ ቆሞ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ዋሸኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሚስተር ተትል ስታወራ «እሳቸው» ነበር የምትለው። ከዚያ በኋላ «እሱ» ሆነ።

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች ቾሌ።

አምፓሮ በልቧ አሁን ልንገራት አለች። ነገ ልንገራት አለች። ሚስተር ተትል በዚያው ሳምንት አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘው ሲመጡ እናቷ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው። አምፓሮ በጓሮ በኩል ዞራ አገኘቻቸው።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ ግራ ተጋብተው። «ተነጋግረን አልነበር?»

«ትንሽ አሟት ነው» አለች አምፓሮ። ብርቱካኑን ተቀብላ የት እንደምታደርሰው ጨነቃት፤ ለጎረቤት ሰጠችው።

መስኮቱም ቢሆን የሷ አልሆነም። ገና «ሚስተር ተትል ሥራ…» ብላ ሳትጨርስ እናቷ ማንኪያውን አስቀመጠች። «እዚያ ቆመሽ ባይሽ ልጄ አይደለሽም» አለቻት። ነጩን ቆብ ያደረገችው ሌላ ልጅ ናት። አምፓሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በኪዮስኩ በኩል ላለማለፍ መንገድ መዞር ጀመረች። የክፍል ጓደኞቿ የእናቷን ታኮ መኪናቸው ውስጥ ሆነው እየበሉ፣ የማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ወረቀቱን በመስኮት ይወረውራሉ። የእናቷ ቤት አልተዘጋም፤ የሐዲድ ሠራተኞችና የሲሚንቶ ፋብሪካው ሰዎች አልጠፉም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሩቅ ይመጡ የነበሩት ቤተሰቦች ግን ቀሩ። ቾሌም ግማሽ ቀን ብቻ መሥራት ጀመረች።

በዓመቱ ሚስተር ተትል ሁለተኛ ኪዮስክ ከፈቱ። ሦስተኛውን ሊከፍቱ ሲሉ አምፓሮን መንገድ ላይ ጠብቀው አስቆሟት።

«ሠራተኞቼ የታኮውን ስልስ አያውቁበትም» አሉ። «እናትሽ የኩሽናዬ ኃላፊ ትሁንልኝ። እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ሸሪክ። ስሟም ከስሜ ጎን ይጻፋል።»

አምፓሮ እየሮጠች ቤቷ ገባች። ይህንኛውን አንድም ቃል አላዛባችም። እናቷ የምትከትፈውን ሽንኩርት ሳታቋርጥ አዳመጠቻት።

«ከውሸታም ጋር ማዕድ አልቆርስም» አለች። «እንደዚያ ብላለች በይው።»

አምፓሮ አጠገቧ ቆመች። ዋሽተውሽ አያውቁም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። እናቷ ቀና ብላ «ምነው?» ስትላት «ምንም» አለች። ለሚስተር ተትል ደግሞ «አልፈለገችም» ብቻ አለቻቸው። እሳቸውም ሐሳቧን ብትቀይር ብለው ወራት ጠበቁ፤ በመጨረሻ ከሎስ አንጀለስ አንድ ባለ ገንዘብ ሸሪክ አገኙ። ሰሌዳው ላይ የወጣው የሰውዬው ስም ነው።

አምፓሮ አሥራ ሰባት ዓመት በሞላት ዓመት፣ በጸደይ፣ ምሳ አልፎ ቤቱ ጭር ባለ ሰዓት፣ ሚስተር ተትል ባርኔጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ፀጉራቸው ሳስቷል፤ ሱፍ ለብሰዋል።

«ምን ይፈልጋል?» አለች እናቷ። በሩን ግን አልዘጋችውም።

«ልሰናበታት ነው የመጣሁት» አሉ ለአምፓሮ። «ወደ ሎስ አንጀለስ ልሄድ ነው። ኪዮስኮቼ እዚያ እየበዙ ነው።» ትንሽ ቆዩና ወደ እናቷ እያዩ ቀጠሉ። «አንድ ነገር ግን ሳይገባኝ እንዳልሄድ። ያን ቀን ልሸጠው አስቤያለሁ ብዬ ነገርኳት። ቅር ካላት እተወዋለሁ አልኩ። ይማሩ አለችኝ። ታዲያ ለምን ጠላችኝ?»

አምፓሮ ወለሉን አየች። «ሊሰናበቱሽ ነው የመጡት» ብትል ያልቃል። ሰውዬው ይሄዳሉ፤ ሎስ አንጀለስ ይገባሉ፤ የሚያውቅ አይኖርም። ቾሌ ከምድጃው አጠገብ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች።

«ወደ ሎስ አንጀለስ እየሄዱ ነው፤ ሊሰናበቱሽ ነው የመጡት» አለች በስፓኒሽ። «ደግሞ… ‹ያን ቀን ልሸጠው አስቤያለሁ ብዬ ነገርኳት፤ ቅር ካላት እተወዋለሁ አልኩ፤ ይማሩ አለችኝ፤ ታዲያ ለምን ጠላችኝ› ይላሉ።»

እናቷ ወደ አምፓሮ ዞረች።

«ለማን ነው የነገሩት?» አለቻት።

«ለኔ» አለች አምፓሮ። «ለኔ ነው የነገሩኝ።»

ቾሌ እሳቱን አጠፋች። እናቷ አምፓሮን አላየቻትም። እጇን ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች፤ ከዚያ ሄዳ ለሚስተር ተትል እጇን ዘረጋች። «ይቅርታ፣ ሚስተር» አለች፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። አምፓሮ እናቷ ይህን ቃል ከየት እንዳገኘችው አላወቀችም።

ሚስተር ተትል ለምን ይቅርታ እንደተባሉ ሳይገባቸው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ያኔ ሸሪክ ትሁነኝ ስል እሺ ብትል ኖሮ…» አሉና ተዉት። አምፓሮ ይህንንም፣ ሳይጨርሱ እንደተዉት፣ ተረጎመችው። እናቷ ራሷን ነቀነቀች።

መኪናቸው ከሄደ በኋላ አምፓሮ ጩኸት ጠበቀች። በጥፊም ቢሆን ትመታኝ አለች በልቧ። እናቷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለምን?»

«መስኮቱ ላይ መቆም ፈልጌ ነበር።»

እናቷ ወደ ማዶ ተመለከተች። አሁን እዚያ የማያውቋት ልጅ ነጭ ቆብ አድርጋ ለአንድ መኪና ወረቀት ከረጢት እያቀበለች ነው። «ለዚያ?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

በማግስቱም አላለችም። እራት አቀረበችላት፤ ልብሷን አጠበችላት፤ እንደ ወትሮው ደህና እደሪ አለቻት። «አምፓሮ፣ ነዪ ንገሪልኝ» የሚለው ጥሪ ብቻ ከቤቱ ጠፋ።

በቀጣዩ ሳምንት ዱቄት አቅራቢው መጣ። የሚያመጣበትን ቀን ሊቀይር ነው። እናቷ ብቻዋን በሩ ላይ ወጣች። አምፓሮ ሳህን እያጠበች ትሰማለች። ሰውዬው ከእንግዲህ ረቡዕ ነው የምመጣው ይላል። እናቷ «ዓርብ፣ እሺ፣ ዓርብ» ትላለች። ሰውዬው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግምላታል። እናቷም ድምፅ ሲጨምር የሚገባት ይመስል አንገቷን ወደ እሱ ታዘነብላለች።

«ሂጂ እንጂ» አለች ቾሌ በሹክሹክታ። «ዱቄት ሳይኖረን ሊቀር ነው።»

አምፓሮ እጇን አደረቀች። እስከ በሩ ሄደች፤ እናቷ ዞር ብትል ልታያት የምትችልበት ቦታ ላይ ቆመች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ረቡዕ ብሎ ለመንገር ትንፋሽ አይፈጅም። አልተናገረችም። እናቷ ራሷ እስክትጠራት ድረስ፣ ዛሬም ነገም ባትጠራት፣ እዚያው ቆማ ልትጠብቅ ወሰነች።