የታሰበበት ጥቅሻ

ኑረዲን ሲሃምን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ የጠቀሳት አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ነው። «ምን ዓይነት ደፋር ነው!» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም።

ከመካኒሳ ወደ ለቡ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ከሾፌሩ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዙሮ የተቀመጠ መልከ መልካም ወጣት ቀኝ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ሲሃም ወደ መስኮቱ ዞረች። መልሳ ስታየው ደገመው። በሦስተኛው አባቷ ጋሽ ዑስማን ጃንጥላቸውን አነሡ።

«አንተ ዓይን አውጣ! አባቷ ፊት?»

«ወላሂ ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም... ዓይኔ ነው!»

ታክሲው በሳቅ ተሞላ። ልጁ ለቡ ሳይደርስ ወረደ። ሲሃም ግን ሲወርድ ፊቱን አይታዋለች፤ የባለጌ ፊት አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ያን ፊት ስታስብ ዋለች።

በሳምንቱ ነፋስ ስልክ፣ በምትሠራበት ክሊኒክ ኮሪደር ላይ አገኘችው። ክሊኒኩ ቲክ ያለባቸውን ሰዎች ያክማል፤ ሳይፈልጉት ዓይናቸው የሚርገበገበውን፣ ትከሻቸው የሚነሣውን። የሲሃም ሥራ ኮምፒውተሩን ማስተማር ነው። ታካሚው ቤቱ ሆኖ ራሱን በስልኩ ይቀርጻል፤ ኮምፒውተሩ ፊቱን እያየ ቲኩ ስንቴ እንደመጣ ይቆጥራል፤ የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር አምሳለ ቁጥሩን አይተው ልምምዱን ያስተካክላሉ። ኮምፒውተሩ በደንብ እንዲለይ ግን ሰው ቪዲዮውን እያየ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ላይ «ቲክ» ወይም «የታሰበበት» ብሎ ምልክት ማድረግ አለበት።

«ዛሬ ጃንጥላው የለም?» አላት ኑረዲን።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «ይቅርታ አድርግልኝ። አላወቅንም ነበር።»

«ለምጄዋለሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያልጠቀስኩት ሰው የለም፤ የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር ሳይቀር።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ከልቤ የምወዳት ብትመጣ፣ የኔን ጥቅሻ ማን ያምነዋል?»

ሲሃም ራሱን እንዴት እንደሚቀርጽ ልታሳየው ስልኩን ተቀበለችው።

ኑረዲን ለቡ ውስጥ የመስኮት መስታወት ይቆርጣል። ሥራው ላይ ሲያተኩር ቲኩ ዝር አይልበትም፤ ሲጨንቀው ግን ይብስበታል። ልምምዱ ደግሞ ዓይኑ ሊጨፈን ሲል የሚሰማውን ውርር የሚል ስሜት ቀድሞ ማወቅና፣ ያኔ ሁለቱንም ዓይኖቹን ቀስ አድርጎ መክደን ነው። በሦስት ወር ውስጥ ቁጥሩ በግማሽ ወረደ። ሲሃም ያን ዓይን በየቀኑ የቪዲዮውን ፍጥነት እየቀነሰች ታየዋለች። ቲክ ሲሆን ጉንጩም አብሮ ይሳባል። ይህን ከኮምፒውተሩ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት።

አንድ ማክሰኞ በቪዲዮው መጨረሻ ላይ ሌላ ዓይነት ጥቅሻ መጣ። ጉንጩ አልተሳበም። ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ አለ። ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰችው፤ ደግማ አየችው፤ ስድስት ጊዜ። ኮምፒውተሩ «ቲክ» ብሎታል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ግን ስህተቱን እንዳለ መተው ሕክምናውን ማበላሸት ነው፤ ደግሞም ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ጥቅሻውን የሚያምንለት ሰው ነው። «የታሰበበት» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ዶክተር አምሳለ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት።

«የታሰበበት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አወቅኩ፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የሱን ቪዲዮ ሌላ ሰው ያያል» አሉና ሳቁ። ፍቅርና ሳል አይደበቁም።

ሁለቱ ለመጋባት ተስማሙ፤ የቀሩት አባቷ ነበሩ። ስለ ሕመሙ ነግራቸዋለች፤ የታክሲው ልጅ መሆኑን ለመናገር ግን አልደፈረችም። ሽማግሌ ሲላክ ጋሽ ዑስማን «መጀመሪያ ልጁን በዓይኔ ልየው» አሉ። እምቢ ካሉ ሲሃም ከአባቷ ቃል አትወጣም፤ ኑረዲንም ያውቃል።

ኑረዲን የቤቱን ደፍ ገና ሲያልፍ ጋሽ ዑስማን አወቁት። «ይሄ የታክሲው ልጅ አይደለም እንዴ?»

የኑረዲን ዓይን ተጨፈነ። ሽማግሌዎቹ ምንጣፉን ማየት ያዙ።

«ይሄስ?» አሉ ጋሽ ዑስማን ወደ ልጃቸው ዞረው።

«ቲክ ነው አባዬ። ሲጨንቀው ይብስበታል።»

ደገመው። «ይሄስ?»

«እሱም።»

ኑረዲን ሁለቱንም ዓይኖቹን ቀስ አድርጎ ከደነ፤ ገለጠ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ዓይኔ ነበር። ዛሬ ግን እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ሲሃም ዞሮ፣ ፈገግ ብሎ ጠቀሳት።

«ይሄስ?»

ሲሃም በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። «ይሄ... የታሰበበት ነው።»

ጋሽ ዑስማን ተነሥተው ከጥግ ጃንጥላቸውን አነሡ። ሽማግሌዎቹ ሊገላግሉ ብድግ አሉ። ሰውዬው ግን ጃንጥላውን በመያዣው በኩል ለኑረዲን ዘረጉለት።

«ያዝ፤ ውጭ ዝናብ ነው። ስትመጣ ትመልሰዋለህ።»