ለሸምሲያ ወገብ ተብሎ የተነፈሰው ጎማ

ሁመድ ሚስቱን ሸምሲያን ይወዳል። በልደታ ይህን የማያውቅ የለም። የብርድ ልብስ ሱቁን ዘግቶ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት እሱ፣ ወገቧን ባመማት ቀን ወጥ የሚሠራው እሱ ነው። ችግሩ ሰውን መውደድና ጎማን ማወቅ ለየቅል መሆናቸው ነው።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ የሁመድ የወንድም ልጅ ኮምቦልቻ ልትዳር ሆነ። ሐሙስ ማለዳ የሁመድ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ካለው የገብረየሱስ ጎሚስታ ፊት ቆመች። ውስጧ ሰባት ሰው ነበር፤ ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ደግሞ ለሙሽራዋ የሚሄድ ብርድ ልብስ ተቆልሏል። ትልቋ ልጃቸው ሪሀና ሜክሲኮ ካለው መሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ስላላገኘች ልትሸኛቸው ብቻ መጥታለች።

“ገብሬ፣ አራቱንም ትንሽ አስተንፍስልኝ” አለ ሁመድ። “ሸምሲያ ወገቧን ታማለች። መንገዱ እንዳያንገጫግጫት።”

“ደግሞም ቆላ ነው የምትወርደው” አለ ገብረየሱስ። “ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሙቀቱ ራሱ ይነፋዋል። ከዚሁ ቀንሶ መሄድ ነው ብልሃቱ።”

ጎንበስ ብሎ አየሩን ለቀቀው። ሲጨርስ ጎማዎቹን በብረት ዘንግ ኳ ኳ እያደረገ አዳመጠ። መለኪያው ከተሰበረ ቆይቷል። ደንበኞቹም የት ሄደ ብለው ጠይቀውት አያውቁም።

ሪሀና የሾፌሩን በር ከፈተች። በሩ በሚገጥምበት ብረት ላይ አቧራ የሸፈናት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። በመዳፏ ጠረገቻት።

“አባ፣ እየው፣ የአየሩ ልክ እዚህ ተጽፏል። ባዶዋን ስትሄድ ሠላሳ፣ ሰውና ዕቃ ስትጭን የኋላው ሠላሳ ስምንት። ጭነት ሲበዛ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። የተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ ይፈነዳል።”

“ይሄ የፈረንጅ አገር ቁጥር ነው።”

“ጎማውስ የማን አገር ነው?”

አጎቷ ሙስጠፋ ከኋላ ወንበር ሳቀ። “ሁመድ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክሃት ጎማ ልትቆጥርልህ ነው እንዴ?” መኪና ሙሉ ሰው አብሮት ሳቀ።

ሪሀና ወደ ሽማግሌው ዞረች። “ጋሼ ገብረየሱስ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሩት። ስንት ላይ ነው ያደረሱት?”

“ስንት ትለኛለች! ልጄ፣ ይሄ ጆሮ ሠላሳ ዓመት ጎማ ሰምቷል።”

“ጆሮ ቁጥር አይናገርም።”

“በቃ!” አለ ሁመድ። “እኔ መኪና ስነዳ አንቺ አልተወለድሽም። የምነዳውም እኔ ነኝ። በሩን ዝጊው።”

ሪሀና ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ በር ብዙ ጊዜ አስባለች። ቁልፉን ነጥቆ መሮጥ፣ መኪናዋ ፊት መቆም፣ መጮህ ይቻል ነበር። ግን አባት አባት ነው፤ የሚስቁትም ብዙ ነበሩ።

አራት ሰዓት ላይ እናቷ ጋ ደወለች።

“እማ፣ የት ደረሳችሁ?”

“ደብረ ብርሃንን አለፍን። ኧረ እንደ አልጋ ነው የሚያስኬደን! አላህ ይስጠው አባትሽን፣ ወገብ እንዳለኝም ረሳሁት።”

“እማ፣ ስሚኝ። ደብረ ሲና ላይ ያቁምና አየር ያስሞላ። በአላህ በይልኝ።”

“ሁመድ፣ ሪሀና አየር አስሞላ ትልሃለች።”

የአባቷ ድምፅ ከወዲያ ተሰማ። “ከሜክሲኮ ሆና መሪ አትያዝብኝ በያት!”

ሳቁ። መስመሩም ተቆረጠ።

ሪሀና ደጋግማ ደወለች። ስልኩ አይሠራም። ጠረጴዛዋ ላይ ከተዘረጋው ወረቀት አንድ መስመር እንኳ አላነበበችም። አሁን ቁልቁለቱን እየወረዱ ነው፤ አሁን ቆላው ጀምሯል፤ አሁን ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ጎማው እየጋለ መሆኑን ታውቃለች። ምን መደረግ እንዳለበትም ታውቃለች። ማወቋ ግን ያቺን መኪና አያቆማትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በእናቷ ስልክ የማታውቀው ሰው ደወለ። “እህቴ፣ የዚህ ስልክ ባለቤት ምንሽ ናት?” አላት።

ከሸዋ ሮቢት ወዲያ የኋላው ግራ ጎማ ፈንድቶ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተገልብጣለች። ሌሎቹ በስብራትና በጭረት ተረፉ። ሸምሲያም ተረፈች፤ ግን አከርካሪዋ ተጎድቶ ሁለቱ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡም። ባሏ ከመንገጫገጭ ሊያድነው የፈለገው ወገብ አሁን መንገጫገጩም አይሰማውም።

 

ግንቦት ላይ ሁመድ የሸምሲያን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ገብረየሱስ ዘንድ ሄደ። ሪሀና ተከተለቻቸው። ሁመድ ከኪሱ ሁለት አዳዲስ የአየር መለኪያ አውጥቶ አንዱን ለሽማግሌው ሰጠ። ገብረየሱስ ቀና ብሎ ሸምሲያን ማየት ስላልቻለ መለኪያውን ብቻ ያገላብጥ ጀመር። ሁመድ ወንበሩ ጎን ተንበረከከ።

“ሪሀና፣ የወንበሩ ጎማ ላይ ስንት ይላል?”

ነገረችው። አንድም ሳይጨምር ሳይቀንስ በዚያው ልክ ሞላው።

በዚህ መሐል አንድ ረጅም መኪና መጣ። ነጂው ተስፋሚካኤል የሚባል የሰፈሩ ነጋዴ ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ወደ ሐዋሳ ሊሄድ ነው።

“ገብሬ፣ ቶሎ አስተንፍሰው፤ ልጆቹ እንዳይንገላቱብኝ።”

“አታስተንፍሰው ወንድሜ” አለ ሁመድ። “ልኩ በርህ ላይ ተጽፏል።”

“ተወው ጋሼ፣ የምነዳው እኔ ነኝ።”

ሁመድ ጥር ላይ የተናገረው የገዛ ቃሉ ነበር። 

“ወንድሜ” አለች ሸምሲያ፣ “እኔም እንደ አልጋ ነው ብዬ ነበር።” የወንበሩን ጎማ በእጇ መታ መታ አደረገችው። “አልጋው ይኸውልህ።”

ሰውየው ወንበሩን አየ። ከመስታወቱ ጀርባ የሚተራመሱትን ልጆቹን አየ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ጎንበስ አለና አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገ።

“ሠላሳ ስድስት ይላል” አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ገብረየሱስ መለኪያውን አነሣ።

ጎማን በጆሮ የምትለኩ፣ በእርግጫ የምትለኩ፣ ለምትወዱት ሰው ብላችሁ የምታስተነፍሱ ሁሉ፦ ልኩን መኪናዋን የሠሯት ጽፈውታል። ማለዳ፣ ጎማው ሳይግል፣ በመለኪያ ማየት ጥቂት ደቂቃ ነው። በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት አንብቡት።