አልወድቅም ያለው ፈረሰኛ

የጎማው ጦር እየተምዘገዘገ መጣ። ሰይፈሥላሴ ሳያስበው የልጅነት ጉግሱ ቀደመውና ከፈረሱ ጎን ልጥፍ ብሎ አሳለፈው። ከዚያ ተመልሶ ኮርቻው ላይ ተቀመጠና ፈገግ አለ።

«ከት!» ዳይሬክተሩ ጮኸ። «አንተ ሟች ነህ! ጦሩ ሲመጣ ትወድቃለህ!»

በስደት አገሩ፣ ፌርፋክስ በተባለ ሰፈር የሰው መኪና ሲያቆም የኖረው ሰይፈሥላሴ፣ ዛሬ ከከተማው በስተሰሜን ባለ ደረቅ ኮረብታ ላይ ኮከብ ደረቱ ላይ ለጥፎ ኮማንቼ የተባሉትን የአገሩን ነባር ተወላጆች የሚዋጋ የፊልም ሕግ አስከባሪ ሆኗል። ከተሳካለት ፊልሙ እስኪያልቅ ይቀጠራል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እንደገና ከፈረስ ጋር ሊውል ነው።

ሥራውን ያገኘችለት የጎረቤቱ ልጅ፣ ልብስ አልባሿ ፍናን፣ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ ሰይፌ፣ ፕሊስ በቃ ውደቅ! አሁንም ከደገምከው ፋየር አድርገው ያባርሩሃል።»

«ልጄ፣ እንጅባራ ላይ ከፈረስ የወደቀ ሰው ለሠርግ እንኳ አይጠራም።»

«ሶ? እዚህ የሚፈለገው የሚወድቅ ነው!»

ነፋሱ አቧራ አዝሎ ተነሣ። ሁለተኛው ቀረጻ ተጀመረ። ሰይፈሥላሴ ጥርሱን ነክሶ ለመውደቅ ቆረጠ። ከፊት ለፊቱ ከኦክላሆማ የመጣው የእውነት ኮማንቼ፣ ዌስሊ፣ ጦሩን አንሥቶ ይጋልባል። ድንገት ከቁጥቋጦው ሥር የዚያ አገር እባብ ጅራቱን እንደ ቃጭል አንቃጨለ። የዌስሊ ነጭ ፈረስ ደንብሮ ጣለውና፣ እግሩ እርካቡ ውስጥ እንደተቀረቀረ እየጎተተው ወደ ኮረብታው ገደል ፈረጠጠ።

ሰይፈሥላሴ መውደቁን ረሳው። ዳማውን ኮልኩሎ በገደሉ በኩል ቀደመና፣ የራሱን ፈረስ ከነጩ ጋር ትከሻ ለትከሻ አጋፍቶ ልጓሙን ጨበጠ። «አይዞህ! አይዞህ!» አለ በአማርኛ፤ ለሰውየው ይሁን ለፈረሱ እሱም አያውቅም። ገደሉ ጋ ለመድረስ አሥር ክንድ ሲቀር ቆሙ።

ዌስሊ ተቧጭሯል እንጂ ደኅና ነበር።

«እንዲህ መጋለብ ማን አስተማረህ?» ሲል ጠየቀው።

«አባቴ።»

«እኔንም አባቴ ነው። ግን መጀመሪያ ያስተማረኝ መውደቅ ነው። ሰውነትህን ልቀቀው፤ ጉልበትህን እጠፍ።»

በሦስተኛው ቀረጻ ጦሩ ደረቱን ነካው። ሰይፈሥላሴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወዶ ከፈረስ ወደቀ፤ አቧራው ላይ ተንከባለለና ሞተ። አፍራለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ግን ደስ አለው። ዓይኑን ሲገልጥ ዌስሊ ከፈረሱ ወርዶ እጁን ዘርግቶለታል።

«ከት!» ዳይሬክተሩ አበደ። «ኮማንቼው የገደለውን ሰው አያነሣም!»

«እኔ አነሣለሁ» አለ ዌስሊ፣ ጎትቶ እያቆመው።

ዳይሬክተሩ ሁለቱን አየና ሳቁ አመለጠው። «ነገ ጧት እንደግመዋለን። አንተ ሟቹ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ትሞትልኛለህ።»

«በየቀኑ እወድቃለሁ» አለ ሰይፈሥላሴ።