ከይፋግ በኩል የመጣው ዶቅዶቄ

አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ በጋኔን፣ በዛር፣ በሙት መንፈስ አላምንም፣ ድሮም አላመንኩም፣ ዛሬም «አምነሃል» ብሎ የሚያፋጥጠኝ ካለ ዓይን ዓይኑን እያየሁ አላምንም እለዋለሁ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ ዳዊት ደግሜ ነው ያደግሁት፣ ይሁን እንጂ ጎንደር ሄጄ ያኔ ድሬሰር የሚባለውን የሕክምና ሙያ ከተማርኩ ወዲህ፣ ሰው በትኩሳት የሚቃዠው ሰይጣን ሰፍሮበት ሳይሆን ወባ ይዞት መሆኑን በገዛ መርፌዬ አይቻለሁ፣ ሬሳ አጥቤአለሁ፣ ሬሳ ካለበት ክፍል አጠገብ እራቴን በልቼ ለጥ ብዬ ተኝቻለሁ። እንግዲህ ይህን የሚያወጋህ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ብታምነኝ እመነኝ፣ ባታምነኝም አልቀየምህም፣ የሆነው ግን ይኸው ነው።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። ወረታ ላይ መርፌ የምወጋው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ከርብ ወንዝ ማዶ እስከ ይፋግ፣ በዚህ በኩል ደግሞ እስከ ወንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ የታመመ ሁሉ የኔ ነው። ፎገራን ታውቀው እንደሆነ፣ ክረምቱን ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛበታል፣ ውኃው ሲሸሽ ወባው ይነሣል፣ በቅሎዬ ጭቃ ለጭቃ ስትጎተት እኔ ደርሼ የማገኘው ለቅሶ ሆነ። አንድ ቀን ምርር ሲለኝ በቅሎዋን ሸጬ ጎንደር ካለ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ያገለገለ ዶቅዶቄ ገዛሁ። ዶቅዶቄ ስልህ አሁን ጎረምሳው ሁሉ የሚያስጮኸውን ቀላሉን እንዳይመስልህ፣ ይሄኛው ለሩቅ አገር መንገድ የተሠራ፣ ሆዱ እንደ ወይፈን የሰፋ፣ በግራና በቀኙ የቆዳ ሻንጣ የተንጠለጠለበት፣ ለተሳፋሪ ከኋላው ሰፊ መቀመጫ ከነስፕሪንጉ ያለው ከባድ ብረት ነበር። መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ አገር ላገር ሲዞርበት ኖሮ ሲበቃው ለመካኒኩ ትቶለት የሄደ ነው።

አባቴ ገና ሲያዩት አማተቡ።

«ልጄ፣ የማታውቀው ሰው የተጫማውን ጫማ ታደርጋለህ?» አሉኝ።

«ጫማ እኮ አይደለም አባቴ፣ ብረት ነው።»

«ብረት ቢሆንስ፣ የት የት እንደዋለ ታውቃለህ? በል ሳትቀመጥበት ጠበል ይረጭ።»

«ጠበል ከገባበትማ አይነሣም» አልኳቸው። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ዶቅዶቄውን ማከም ጀመርኩ፣ እመነኝ፣ ያን ያህል በሽታ የተሸከመ ታካሚ ገጥሞኝ አያውቅም። ጠዋት በእርግጫ ላስነሣው ስል መልሶ ይራገጣል፣ ይኸው ቅልጥሜ ላይ ያለው ጠባሳ የሱ ነው። ቤንዚን ሲቀነስለት በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው በኩል እንደ ሽማግሌ ኡህ ኡህ ብሎ ይስላል፣ ሰንሰለቱ ረግቦ የቆርቆሮ ሽፋኑን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይመታል፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ፉጨቱ፣ የቤንዚን መክደኛው አጠገብ ባለች ስንጥቅ ነፋስ ሲገባባት ቀጭን ፉጨት ታወጣለች፣ ገበሬው ከሩቅ «ሐኪም መጣ» የሚለው በሷ ነው። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ነገር የማልተው ግትር ነኝ። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ጥቂት አዘገየሁትና መራገጡን ተወ፣ የማርሚታው መጋጠሚያ አየር ያስገባ ነበርና ከቆርቆሮ ቀለበት ሠርቼ አጠበቅሁትና ሳሉ ቆመ፣ የኋላ ጎማውን ሳብ አድርጌ ሰንሰለቱን ወጠርኩት፣ ስንጥቋን የልብስ ሳሙና ጠቅጥቄ በላዩ ቆዳ አለበስኳት። ያ ሁሉ ጩኸት ቀርቶ ዶቅዶቄው ዳዊት እንደሚደግም ሰው ዝቅ ብሎ ይነበንብ ጀመር።

ነገሩ የመጣው እንግዲህ ዝም ካለ በኋላ ነው።

ይፋግ መግቢያ ላይ ጠላ የሚሸጡ ወይዘሮ ጥሩ የሚባሉ ሴት ነበሩ፣ በገበያ ቀን ደርሼ ስቆም «ምነው ሐኪም፣ ቅድም እያፏጨህ ስታልፍ ሰላምታ እንኳ ነፈግኸኝ?» አሉኝ። «አሁን መድረሴ ነው፣ ደግሞም ዶቅዶቄው ማፏጨት ትቷል» ብላቸው «ጠላውን የምሸጠው እኔ፣ የምሰክረውም እኔ ነኝ በለኛ!» ብለው ተቆጡ። ሳቅሁና ተውኩት። ሌላ ቀን ወደ ቤቴ ስገባ ሚስቴን ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘኋት፣ «ምን ሆነሻል?» ስላት «ሳሉን ሰምቼ ደረስክ ብዬ ነበር፣ ወጥቼ ባይ የለህም» አለችኝ። «ሳሉማ ዳነ» አልኳት። ጆሮ የለመደውን ይሰማል፣ ሌላ ምን አለው፣ እንዲህ ብዬ ለራሴ አስረዳሁ፣ ራሴም አመንኩ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ደምሌ እያለከለከ መጣ። አያ ደምሌ ከርብ ማዶ የሚኖር፣ ከብት በብዛት ያለው፣ በዕድሜ ብዙ የሚበልጠኝ ገበሬ ነው፣ ከጅብ አፍ ጥጃ ነጥቆ ያመጣ ሰው ነው ይሉታል፣ እውነትም ፍርሃት ፊቱ ላይ አይቼበት አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን ግን ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«የሺ ልጄ ሰው መለየት ተወች፣ እንደ እሳት ትፋጃለች፣ ድረስልኝ!»

መድኃኒቱን ሻንጣው ውስጥ ከተትኩ፣ እሱን ከኋላ አስቀመጥኩና ከነፍን። ዝናብ ጥሎ አባርቶ መንገዱ ላይ ኩሬ ኩሬ ሠርቷል፣ አንዱን ኩሬ በፍጥነት ስሻገር ውኃው ተረጭቶ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀልበት ካርቡራተሩ ውስጥ ገባ መሰለኝ፣ ርብ ድልድይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ዶቅዶቄው ትን ብሎት ጸጥ አለ። ፀሐይዋ ወደ ጣና አዘንብላለች፣ ከማዶ ከብቶች ከግጦሽ ሊገቡ ድልድዩን እየተሻገሩ ነው። ወረድኩ፣ አቆምኩት፣ ጋቢዬን መንገዱ ዳር ዘርግቼ ካርቡራተሩን ፈታሁና ዕቃውን አንድ በአንድ እየጠረግሁ ጋቢው ላይ ደረደርኩ።

«ይቆያል?» አለኝ አያ ደምሌ።

«አይቆይም።»

«ልጄ እኮ ናት ሐኪም…»

«አውቃለሁ፣ እጄን አታስቸኩለው።»

መጀመሪያ የሰማሁት ፉጨቱን ነው። ከይፋግ በኩል፣ ከሩቅ፣ ቀጭን። ቀና አላልኩም፣ እረኛ ነው አልኩ። ቀጥሎ ከፉጨቱ ሥር የሞተር ድምፅ መጣ፣ አያ ደምሌ «ሌላም ዶቅዶቄ አለ እንዴ ባገሩ?» አለኝ፣ እኔ እንደማውቀው በዚያ አገር ከኔ በቀር አልነበረም። ቀና ብዬ አየሁ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሜዳው ገላጣ ነው፣ ዓይንህ የሚያርፍበት ዛፍ እንኳ የለም፣ ከከብቶቹ በስተቀር ማንም አልነበረም። ድምፁ ግን እየቀረበ፣ እየጠራ መጣ፣ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ፣ የረገበው ሰንሰለት ቆርቆሮውን ሲመታ። አየህ ወዳጄ፣ አንድ ሐኪም የበሽተኛውን ሳል ከሺህ ሳል መሐል ለይቶ ያውቃል፣ እኔ በገዛ እጄ ያዳንኩትን በሽታ ሁሉ ያ ድምፅ አንድም ሳያጎድል ይዞ እየመጣ ነበር፣ የኔ ዶቅዶቄ ደግሞ ካርቡራተሩ መዳፌ ላይ ነው።

ከዚያ ከብቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። ማንም አልነዳቸውም፣ መሐል መንገዱን ለቀው ግማሾቹ ወዲህ ግማሾቹ ወዲያ ሆኑ፣ አንድ ወይፈን አንገቱን አዙሮ የሚያልፈውን ነገር በዓይኑ ሸኘው። ከድልድዩ ወዲህ ያለው ኩሬ ለሁለት ተቀደደ፣ ውኃው በግራና በቀኝ ተነሣ፣ ተመልሶም ገጠመ።

«ከመንገዱ ውጣ!» አለ አያ ደምሌ ክንዴን እየጎተተ፣ «በማርያም ይዤሃለሁ፣ ውጣ!»

አልወጣሁም። ፈርተህ ደርቀህ ነው ትለኝ ይሆናል፣ አይደለም፣ እልህ ያዘኝ። ስንት ወር ሙሉ ጉልበቴን የጨረስኩበትን፣ ያዳንኩትን ነገር፣ ማን አባቱ ነው መልሶ አሳምሞ የሚነዳብኝ? መፍቻዬን እንደያዝኩ መሐል መንገድ ላይ እግሬን አንፈራጥጬ ቆምኩና «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። «ቁም አልኩህ! በዚህ በኩል አታልፍም፣ በሽተኛ አለብኝ!»

ቤንዚን ሲቀንስ ሰማሁት። ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ፣ ከፊቴ መጥቶ ቆመ። ጉልበቴ ላይ የጋለ ብረት ወላፈን ተሰማኝ፣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ጸጥ። ትኩስ ብረት ሲበርድ እንደሚያደርገው ጥቅ፣ ጥቅ ይላል። የብረት መቆሚያው ወረደ፣ ጠጠሩ ሲጨፈለቅ በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በእግሬ ሥር ተሰማኝ። ቀጥሎ የጫማ ኮቴ።

«ማነህ?» አልኩ። «የማንን ዶቅዶቄ ነው የያዝከው?»

እርምጃው በቀኜ በኩል አለፈኝ፣ አልተጣደፈም፣ የሚሄድበትን እንደሚያውቅ ሰው ነው የሄደው። ዞሬ ማየት ነበረብኝ፣ አንገቴ እምቢ አለኝ፣ እሱን አልክድህም። ከኋላዬ የዶቅዶቄዬ የተሳፋሪ መቀመጫ ስፕሪንግ ሲጢጥ ብሎ ረገበ።

ስዞር ምንም የለም። ዶቅዶቄዬ እንዳቆምኩት ቆሟል፣ ዕቃው ጋቢዬ ላይ ተደርድሯል። አያ ደምሌ ግን ከመንገዱ ወርዶ፣ ዱላው ከእጁ ወድቆ፣ ዶቅዶቄዬን ያያል።

«ምን አየህ?»

«ምንም።»

ካርቡራተሩን ገጠምኩ፣ በመጀመሪያው እርግጫ ተነሣ። «ውጣ እንሂድ» አልኩት።

«ቅደም፣ በእግሬ እደርሳለሁ።»

«ልጅህ እየሞተች በእግርህ?»

«ሂድ እባክህ ሐኪም፣ ለኔ ቦታ የለም» አለና ዱላውን እንኳ ሳያነሣ በሜዳው አቋርጦ ሮጠ።

ተናደድኩ። ያ ነገር የቆመበትን ቦታ ዳር ዳሩን ማለፍ እችል ነበር፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ እኔ ግን ሆን ብዬ መሐል ለመሐል ነዳሁት፣ ፊቴን ሞቅ ያለ አየር መታኝ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ድልድዩ ላይ ኋላው ከብዶኛል፣ ጭቃው ነው። ደረስኩ፣ የሺን ወጋኋት፣ አጠገቧ አመሸሁ፣ ጎሕ ሲቀድ ውኃ ስጡኝ አለች። አባቷ ያኔ ነው ያለቀሰው።

አባቴ ሲሰሙ «ሽጠው» አሉ፣ አልሸጥም አልኩ። ሚስቴ ለመነችኝ፣ አልሸጥም አልኩ። ጎንደር ስሄድ መካኒኩን ያዝኩትና «ያ ፈረንጅ በዚህ ዶቅዶቄ ላይ ሞቶ እንደሆነ ንገረኝ» አልኩት፣ ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ፣ ሰውየው አገሩ ገብቶ ልጅ እያሳደገ ነው፣ ሰላምታ ይልክልኛል አለ። ከዚያ በፊት የነዳውም የለም፣ አዲሱን ነው የገዛው። ስለዚህ የሞተ ሰው የለበትም፣ ይኸው ነው። ምትክ ዕቃ እስኪጠፋለት ድረስ ለዓመታት ነዳሁት፣ በዚያ ድልድይ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቁጥር የለውም፣ ብቻዬን፣ ጨለማም ሲሆን፣ ማንም አላስጣለኝም።

አያ ደምሌ ግን ከዚያች ዕለት ወዲህ አንተ ብሎኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንዴት ዋላችሁ? ደኅና ናችሁ?» ነው የሚለኝ። ባገራችን አንድን ሰው ሲያከብሩት እንዲህ እንደ ብዙ ነው የሚሉት፣ ልጁን ስላዳንክለት አከበረህ አሉኝ፣ ሚስቴም እንዲሁ አለች፣ ልክ ናቸው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። እኔም ምን ለማለት ነው ብዬ አልጠየቅሁትም፣ ድፍረት አጥቼ አይደለም፣ ባልጠይቀው ይሻላል ብዬ ነው።

በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ ልጎበኘው ሄድኩ። የሺ አድጋ፣ ተድራ፣ ልታስታምመው መጥታ ነበር። ብዙም አላወራንም፣ «በሉ ደኅና ግቡ» ብሎ አሰናበተኝ። ወጣሁ፣ ደጅ የዶቅዶቄዬን መሪ ይዤ ቆሜ ልሰናበታት ዞር ስል፣ የሺ በሩን ልትገፋው ነበር፣ ከውስጥ የአያ ደምሌ ድምፅ መጣ።

«ቆይ ልጄ፣ አትዝጊው፣ ገና አልወጡም።»

እኔና የሺ ተያየን። እኔ አላምንም ብዬሃለሁ፣ የሺም የተማረች ሴት ናት፣ አታምንም። በሩን ግን ወዲያው አልዘጋችውም።