የሌላ ሰው አጨዋወት

እኔና ትዕግሥት ተዋውቀን አናውቅም። ጨርቅ ስቆርጥ እንኳ እጄ ከዓይኔ ይቀድማል። የምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት የአክስቴ ነው፤ እሷም በየቀኑ «ቀስ በይ እንጂ፣ ማን አባረረሽ?» ትለኛለች።

እንግዲህ እኔን ነው አንድ መነጽር ሠሪ በቼዝ ጨዋታ «አንቺ ተከላካይ ነሽ» ያለኝ። እኔ ቂሏም አመንኩት።

የተዋወቅነው ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ ነው። በብብቱ የቼዝ ሰሌዳ ይዟል። በልጅነቴ ወንድሜ አስተምሮኝ ስለነበር «እስቲ ዘርጋው» አልኩት። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ንግሥቴን ይዤ ዘው ብዬ ገባሁበትና ወዲያው ተሸነፍኩ። ሳቀ። ሲስቅ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ልቤ የሄደው ያን ጊዜ ነው፣ ምን እደብቃለሁ!

«ሰው የራሱን አጨዋወት ካላወቀ ቼዝ አይገባውም» አለኝ። «ያንቺን እኔ ፈልጌ አገኝልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ መንገዴ እሱ ወደሚጫወትበት የቼዝ ክበብ ሆነ። ላጠቃ እጄን ስሰድ ጣቶቼን በእርጋታ ይይዛቸዋል።

«ይሄ ያንቺ አይደለም፣ የኔ ቆንጆ። አንቺ ዝጊና ጠብቂ፤ ተጋጣሚሽ ይድከም።»

ወታደሮቼን ደርድሬ፣ ንጉሤን ጥግ ሸሽጌ መቀመጥ ለመድኩ። እውነቱን ለመናገር አንገሸገሸኝ። ግን «ጎበዝ!» ሲለኝ ድካሜ ሁሉ ይረሳኛል። ከእኔ በላይ እኔን የሚያውቀኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። ለዋንጫ ከሚጫወትበት የክበቦች ውድድር በኋላ እናቴ ዘንድ ሄዶ ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ሊነግራት ቃል ገባልኝ።

አክስቴ ብቻ ነገሩ አልዋጥላት አለ። «አንቺ? ተከላካይ? ይሄ ሰውዬ መጀመሪያ የራሱን መነጽር ይቀይር!»

የፍጻሜው ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ተጋጣሚው ዋንጫውን ለማንም አላስነካ ያለ፣ ሁሉም «ግድግዳው» የሚሉት የሌላ ክበብ ሰው ነው። ሲጫወት አይቼው አላውቅም ነበር።

ግድግዳው ወታደሩን ገፋ። ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አወቅኩ። ፈረሱን ወደ ኋላ መለሰ፤ እኔም የምመልሰው እዚያው ነው። ንጉሡን ሸሸገ፤ እኔ በምሸሽግበት ጥግ። ሰውዬው የእኔን ጨዋታ ነው የሚጫወተው! ቆይ፣ የእኔን? ኧረ እኔ ነኝ የእሱን ስጫወት የከረምኩት!

መነጽር ሠሪው እኔን ደጋግሞ ባሸነፈበት መንገድ ገብቶ ግድግዳውን ናደው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዋንጫውን አቅፎ ወደ እኔ ሮጠ።

«አሸነፍን!»

«እነማን ነን ያሸነፍነው?»

ፊቱ ተለዋወጠ።

«የዚያን ሰውዬ አጨዋወት አልብሰኸኝ ነው ስትለማመድብኝ የከረምከው?»

ዋንጫውን ወንበር ላይ አስቀመጠው። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።

«መጀመሪያ ላይ… አዎ» አለ። «ኋላ ግን ወደድኩሽ። እውነቴን ነው።»

«ማንን ነው የወደድከው? እኔን ወይስ ግድግዳውን?»

አልቅሼ ልሮጥ ስል ደግሞ እልህ ያዘኝ። ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቅኩና ሰሌዳውን አስተካከልኩ።

«ተቀመጥ» አልኩት።

ንግሥቴን አወጣሁ። ወታደሮቼን በተንኳቸው፤ አንዱን ፈረሴን ሆን ብዬ አስበላሁ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ጣቶቼ መጣ።

«እጅህን!» አልኩት፤ ሰበሰበው።

ንጉሡን ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲል ግንባሩ አላበው። በየት በኩል እንደምመጣበት ግራ ገብቶታል። እኔ ደግሞ፣ ልቤ እንዲያ ተሰብሮ፣ ጨዋታው ጣፈጠኝ። ያም ሆኖ ጎበዝ ነው፤ በመጨረሻ አሸነፈኝ።

ሰሌዳውን ብዙ አየውና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ጋ ንግሥቲቱን ከማምጣትሽ በፊት ፈረሱን ብታስገቢው ኖሮ አልቆልኝ ነበር» አለ በቀስታ።

አየሁት። ልክ ነው። ስለ እኔ ጨዋታ እውነት ሲነግረኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ እንባዬ ዱብ ዱብ ያለው ያኔ ነው።

«ነገ ክበቡ ትመጫለሽ?» አለኝ።

«እመጣለሁ» አልኩት ቦርሳዬን እያነሳሁ። «ካንተ ጋር ግን አልጫወትም።»