የተመልካቾቹ ክፍል

የቤቱ ጌታ በብረት መደርደሪያው ሥር ተደፍቷል። ከበላዩ የተደረደሩት አርባ ስልኮች የሚስቱን ድምፅ አንዱ ካንዱ እየዘገየ ያሰማሉ፦ «ውኃውን አትጠጡ! ውኃውን አትጠጡ!»

ሐኪሙ «ቶሎ አልሞተም» ብሎ ወጣ።

ሚስትየው በሩ ላይ ትንቀጠቀጣለች። «እህቴ፣ በፈጠረሽ ስልኮቹን አስጠፊልኝ!»

«ቆዪ» አለች መርማሪዋ። ጆሮዋን ጣል አደረገች። «ሁልጊዜ እንዲህ ይንጫጫሉ?»

«ኧረ እንደ አንድ ሰው ነበር የሚናገሩት።»

«ሥራችሁ ምንድነው?»

የሟቹ ታናሽ ወንድም መለሰ። «ስልኮቹ የኛን ቪዲዮ ያያሉ። አልጎሪዝሙ፣ ቪዲዮ የሚመርጠው ፕሮግራም፣ ሰው የወደደው ይመስለውና ለብዙ ሰው ያቀርበዋል። የማስታወቂያ ገንዘቡ ይከተላል። የሚያስፈራ ወሬ ደግሞ ይበልጥ ይሄዳል። ለአፍታ ካቋረጥን ግን ይጥለናል።»

«ትርፉስ?»

«የወንድሜና የእኔ ነበር።» ፖሊስ ይዞት ወደቆመው ወጣት ቴክኒሻናቸው ጠቆመ። «ገዳዩ ይኸው! ትናንት ሲዝትበት ሁላችንም ሰምተናል።»

ፖሊሱ የልጁን ክንድ ጨብጧል። ልጁ አመድ መስሏል።

«ጋሼ ከሥራ ሲያባርሩኝ ተናደድኩ እንጂ… ነፍስ? በእናቴ!»

«ስልኮቹን እንዴት ታስነሳለህ?»

«በኮምፒውተሬ፣ በአንድ ትእዛዝ። ሁሉም እኩል ይጀምራሉ። የይለፍ ቃሉን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ኔትወርኩ በዚህች ሳጥን ነው የሚያልፈው፤ እሷ ከጠፋች ሁሉም ይቆማል፣ እንደገና ማስነሳት ግድ ነው።»

መርማሪዋ አጎነበሰች። የሳጥኗ ገመድ ተበጥሶ በፕላስተር ተጠግኗል።

«ትናንት ደህና ነበር» አለ ልጁ።

ሚስትየው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ባሌ ትናንት ማታ ‹ይሄን ነገር እነቅለዋለሁ› ብሎኝ ነበር። ሰው በኔ ድምፅ የቧንቧ ውኃ ፈርቶ የወንዝ ሲጠጣ፣ ሕፃናት ታመሙ።»

መርማሪዋ በሩን ዘግታ ሦስቱን ፊት ለፊቷ አቆመች።

«ሟቹ ገመዱን በጠሰ። አንድ ሰው ገፈተረው፤ ጭንቅላቱ ብረቱን መታ። ያ ሰው ገመዱን ጠገነና ስልኮቹን አንድ በአንድ በእጁ አስነሳ። ድምፁ የተበታተነው ለዚህ ነው። ይህ ልጅ ቢሆን በአንድ ትእዛዝ ይበቃው ነበር። ደግሞስ የተባረረ ሰው ምን ቸገረው? እሷም ዝም እንዲሉላት ነው የምትለምነው። ሰው ወድቆ እያየ፣ መቋረጡ የሚያስፈራው ማንን ነው?»

ሁሉም ወደ ታናሽ ወንድም ዞሩ።

«አልገፋሁትም… ማለቴ፣ እንዲሞት ብዬ አይደለም» አለ ላብ እያጠመቀው። «ቢቋረጥ አለቀልን!»

ፖሊሱ የልጁን ክንድ ለቀቀ።

ሚስትየው ወደ ወንድምየው ተጠጋች። መንቀጥቀጧ ቆሟል።

«አርባውን ስታስነሳ… ይተነፍስ ነበር?»

«እስክጨርስ… ይቆያል ብዬ ነበር» አለ።