ከተራው የጎደለው ድንጋይ

የስምሪት ኃላፊው ዱጉማ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። የገደለው ድንጋይ እግሩ ሥር ወድቋል። ቀይ ቀለም የተቀባ ነው፤ የሾፌሩ የዋቅጋሪ መሆኑን ግቢው በሙሉ ያውቃል። ዱጉማ በሕይወት ሳለ ሲያስነጥስ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ያራግፍ ነበር። ሾፌር «ጭነት ስጠኝ» ሲለው ግን ድምፁ ይጠፋና በጣቱ ብቻ ወደ በሩ ያሳያል። አሁን ያ ጣትም ደርቋል።

ጊዜው የሰባ ሁለት ክረምት ነው። ሻምበል ነገራ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ባለው የጭነት መኪና ግቢ ሲደርስ የፖለቲካ ካድሬው ጓድ ዓለሜ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቀው።

«ጓድ ሻምበል፣ ባትደክም ይሻላል። ድንጋዩ የዋቅጋሪ ነው፣ ዋቅጋሪ አሻጥረኛ ነው። የሚወስደው መኪና ተጠርቷል፤ ሳይመሽ እርምጃ ይወሰድበታል።»

እርምጃ በዚያ ዘመን ጥይት ማለት ነው። ዋቅጋሪ እጁ በሲባጎ ታስሮ ከሌሎቹ ሾፌሮች ጋር በግቢው አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ጭነት ስላልተሰጠው ተሳቢው ላይ ሣር በቅሎ የዘበኛው የሾዴ በግ ይግጥበታል። መኪናው ለምን ቆመ ብሎ የሚገመግመው ያው ካድሬ፣ እንዳይንቀሳቀስ ያደረገው ያው ዱጉማ። በንዴት የዋቅጋሪ አንገት ከጎማ በላይ ተነፍቷል።

ሻምበል ነገራ አጭር ሰው ነው፤ ዓይኑ ግን ረጅም ነው፣ ጉንዳን ስታነክስ ከእንጦጦ ማርያም ያያል ይሉታል። ሬሳውን ትንሽ አየ። ከዚያ ከቢሮው በር ውጭ ቁጢጥ ብሎ ጭቃውን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ዓለሜ ተቆጣ፤ ሟቹ ያለው ውስጥ ነው አለው።

ጭቃው ላይ የሾፌሮቹ ተራ ተደርድሯል። ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ አይውልም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሾፌር የሚታወቅበትን ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ አስቀምጦ ይሄዳል፣ ዕቃው ይሰለፍለታል። ጸሐይ፣ የዱጉማ ጸሐፊ፣ እያለቀሰች እንደነገረችው ጠዋት ፊተኛው የዋቅጋሪ ቀይ ድንጋይ ነበር። ቀጥሎ የኡርጌሳ የወፍጮ ስባሪ፣ ከዚያ የሸፊ የዘይት ቆርቆሮ፣ ሌላውም እንዲሁ።

ዘበኛው ሾዴ የቀረውን ሞላለት። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ለውይይት ክበብ አዳራሽ ሲገባ ዱጉማ ቢሮው ቀረ። ከስብሰባው መሀል በየተራ የወጡት ሦስት ናቸው፦ ሸፊ ሊሰግድ፣ ዋቅጋሪ ዝናብ እንዳይገባ የጋቢናውን መስኮት ሊዘጋ፣ በመጨረሻ ኡርጌሳ ሽንቱን ሊሸና። ሲያልቅ ጸሐይ ቀድማ ወጥታ ሬሳውን አየችና ጮኸች። ሾዴ ወዲያው አዳራሹን ቆለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግቢውን የረገጠ ሾፌር የለም።

ሻምበሉ ወደ አዳራሹ ገባ። ሁሉም ባሉበት ሸፊን አስነሣው።

«ፊተኛው ጭኖ ሲሄድ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ድንጋዩን አንሥቶ ይሄዳል፤ እኛ ሁላችን አብረን እናስጠጋለን። ብቻውን የሚያስጠጋ ካለ ጥርሱን ይለቅማል፣ ጌታዬ።»

«ቆርቆሮህን ዛሬ አስጠግተሃል?»

«ማን ጫነና?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሻምበሉ ወደ ኡርጌሳ ዞረ።

«በዋቅጋሪ ቦታ ላይ የተቀመጠው ያንተ የወፍጮ ስባሪ ነው። የነበረበት ጉድጓድ ጭቃው ላይ አለ፣ ውኃ አቁሯል። ከሱ ወዲያ ያሉት አልተነቃነቁም። ማን አስጠጋው?»

«እኔ ነኝ። ስወጣ ቦታው ባዶ ነበር። ባዶ ቦታ አይቶ የማያስጠጋ ሾፌር አለ?»

«የለም። አይቶ የማይጮኽም የለም። ስንዝር ተነካ ብላችሁ ጉለሌን የምታናውጡ ሰዎች ናችሁ። አንተ ግን የፊተኛው ድንጋይ ጠፍቶ አይተህ፣ ተመልሰህ ከባለቤቱ ጎን ተቀመጥህ፤ ትንፍሽ አላልህም። ጭነት እንዳላገኘ ታውቃለህ፣ ጎንህ ነው ያለው። ድንጋዩ ወደ ተራው እንደማይመለስ ማን ሊያውቅ ይችላል? ያነሣው ሰው ብቻ።»

ኡርጌሳ ተነሣ። ግንባሩ ላይ ያለው ጅማት እንደ ገመድ ተገተረ።

«ልጄ ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝታለች። የለበሰችውን ጋቢ ገፍፌ ነው ለዱጉማ የሰጠሁት፣ የአሰቡን ጭነት ሊሰጠኝ። ዛሬ ስጠይቀው ጋቢው ተጣጥፎ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ተቀምጦበት። ‹ጋቢውስ ጥሩ ነው፣ ለሚስቴም አንድ አምጣ› አለኝ። ወጣሁ፤ ያገኘሁትን ይዤ ተመለስሁ።»

«ያገኘኸውን አይደለም» አለ ሻምበሉ። «የራስህ ከጎኑ ነበር።»

«የራሴን ባነሣ ተራዬ አይሄድም?»

የሳቀ የለም። ዋቅጋሪ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ አጠገቡ ቆመ።

«እኔን ሲያስሩኝ እያየህ?»

ኡርጌሳ ወደ በሩ ዞረ። ሾዴ እጁን ይዞ አወጣው።

በዚህ መሀል የተጠራው መኪና በር ላይ ደርሶ ጡሩንባውን ነፋ። ሻምበሉ በገዛ እጁ ሲባጎውን ፈታ። ጓድ ዓለሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ዋቅጋሪ፣ ነፃ ነህ። አብዮቱ ስሕተቱን ያርማል።»

ዋቅጋሪ ሲባጎው የበላውን አንጓ እያሸ «ጭነቴስ?» አለ።

«እሱማ አዲስ የስምሪት ኃላፊ እስኪመደብ ትጠብቃለህ።»

«ለጭነት ክረምቱን ሙሉ አስጠበቃችሁኝ» አለ ዋቅጋሪ። «ለጥይት ግን ወረፋ እንኳ አላስያዛችሁኝም።»